የቡፌው ብሩሽ

«በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልታሳየው ነው?» አለ ባለቤቴ፤ የስልኩን ድምፅ ለቆት፣ ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ካልሲውን እየጎተተ። ከወዲያ በኩል እህቱ፣ «እሱስ እውነትህን ነው፤ ይነቀልላትና ትረፍ» አለች። እኔ ኩሽና ሆኜ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ እጄ እዚያው ላይ ቀረ። ለማን ልታሳየው ነው የተባለው ጥርስ ነው፤ ባለጥርሷ ደግሞ የሁለቱም እናት፣ የእኔ አማት፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። በሩም እንደ ነገሩ ገርበብ ብሏል እንጂ አልተዘጋም። ሰምተው ይሆን ወይስ አልሰሙ ብዬ ጆሮዬን ስቀስር ሶፋው ጨርረር አለ። የቤታችን ሶፋ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀለትም፤ ሰው ሲቀመጥበትም፣ ሲነሳበትም፣ ሲያዝንበትም ይናገራል። ሰምተዋል።

ላስቲኩ የአማቴ ሕግ ነው። እኔ በልቤ «እመት ላስቲክ» እላቸዋለሁ፤ በአፌ ብያቸው አላውቅም፣ አፌን በቆረጠው! ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል፤ ቁጥሮቹ ጠፍተው የምንነካው በጣት ልማድ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላስቲክ ለብሷል። ፍሪጁ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ስስ ላስቲክ ዳር ዳሩ ተልጦ መሀሉ እስከ ዛሬ አለ። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች የእንግዳ ናቸው ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ኧረ ይሰበራሉ» ተብሎ የኩሽናው ብርጭቆ ይወጣል። በሙቀት ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ስነሳ የጭኔ ቆዳ እዚያው የቀረ ይመስለኛል። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ ታዲያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ወገባቸው እየተቆረጠ የመጣ ነው፤ የተገኘ ነገር እንዳይበላሽባቸው መፍራት ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ወሬም አያበዙም። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር እኔና እሳቸው የተነጋገርነው ሁሉ ቢጠራቀም ከዚህ እስከ ገበያ ለሚወስድ መንገድ አይበቃም።

የጥርሱ ነገር እንዲህ ነው። አማቴ ከላይ ከፊት አንድ ጥርስ ከወለቀባቸው ቆይቷል። እኔ ተድሬ ወደዚህ ቤት ስመጣ፣ ሲስቁ እጃቸው ከሳቁ ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርስ ነበር፤ እያደር ሳቁም ቀረ። ሴት ልጃቸው ልትዳር ስትል ልጆቻቸው መከሩና ወስደው አሠሩላቸው። ሐኪሞቹ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን የራሳቸውን ጥርሶች ሞረዱና፣ እነሱን ምሰሶ አድርገው፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ሦስት ነጭ ጥርስ አለበሷቸው፤ ድልድይ ነው የሚሉት። በሠርጉ ቀን አማቴ ሳቁ። ሳቃቸው ድምፅ እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሙሽራዋን ራሷን ዞር ያደረገ ሳቅ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳላውቀው አብሬያቸው ሳቅሁ። ከሰሞኑ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን ማድረግ ጀመሩ። ቀጥሎ ድዳቸው መድማቱን ባለቤቴ ፎጣው ላይ አየ። እጃቸውም ወደ አፋቸው ተመልሷል።

ባለቤቴ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የተጋጩ መኪናዎች ገማች ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይሄ ይጠገን፣ ይሄ ይጣል ማለት ነው፤ ቤት ሲመጣም ቶሎ አይለቀውም። ስልኩን ዘግቶ ወደ ኩሽና ገባና ሻዩን ቆሞ ጠጣ።

«ዛሬ ወስደሽ አስነቅያት። የሚወልቅና የሚገባ ይሠሩላታል፤ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ አለቀ።»

«እሳቸውንስ ጠይቀሃል?»

«ምኑን ነው የምጠይቃት? አዲስ ጥርስ አሠራንላት፣ ሳትቆይ አበላሸችው። ያረጀ ነገር ላይ ሁለተኛ ጥገና አያዋጣም።»

«እናትህ እኮ ናቸው፤ ሚኒባስ አይደሉም።»

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሳሎን በኩል ሲያልፍ «ደህና ዋይ እማዬ» አለ፤ «ደህና ዋል» አሉት፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኔ ብሆን ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና በጣም ቆዩ። ሲወጡ ለልጃቸው ሠርግ የለበሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ሊነቀል ለሚሄድ ጥርስ ይሄ ሁሉ መዘነጥ ምንድን ነው ብዬ በሆዴ ጠየቅሁ። የገባኝ በኋላ ነው።

እኔ የስልክ ከቨርና የመስታወት መከላከያ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ከጎኔ ያለችው ልብስ ሰፊ እንድታይልኝ ደወልኩላትና ታክሲ ይዘን ወጣን። ሾፌሩ መንገዱን ቆፍረውት ስለሄዱት ሰዎች ያማርራል፤ «ቆፈሩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ» ይላል፤ እኔ አይዞህ እለዋለሁ፤ አማቴ መስኮቱን ያያሉ። ከጎናቸው ሆኜ ስለ ጠዋቱ ወሬ ምን ልበላቸው? አልሰሙም ብዬ ማስመሰሉ ውሸት፣ ሰምተዋል ብሎ ማንሳቱ ጭካኔ ሆነብኝ። እንዲያው በደፈናው «አይዞዎት እማማ፣ ማደንዘዣ አለ፣ አያምም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለት ከረሜላ አወጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ «እንቺ፣ አፍሽ እንዳይደርቅ።» ሌላውን ልጠው ወደ ፊተኛው ጥርሳቸው አስጠግተው ያዙት። ይህ ከረሜላ የታወቀ ነው፤ አማቴ ከማለዳ እስከ መኝታ አንድ ሳይዙ አይውሉም፤ የቤታችን ቅርጫት ውስጥ የሚገኘው ቆሻሻ ግማሹ የከረሜላ ወረቀት ነው። ደግነት መስሎኝ የእኔንም በላሁት።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ «ለጥገና» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። እያረፍን ወጣን። የመጠባበቂያው ክፍል ወንበሮች እርስ በርስ በብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳው ላይ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን አንድ ሰውዬ ያለማቋረጥ ሲናገር ያሳያል። ከካሸሯ መስኮት ጎን የዋጋ ሰሌዳ አለ። ከታች ጀምሬ ሳነበው መንቀል የሁሉም ርካሽ ነው፤ ወደ ላይ እየወጣሁ ስሄድ ማጽዳት፣ መሙላት፣ ሥር ማከም፣ ሽፋን፣ ድልድይ እያለ ዋጋውም አብሮ ሽቅብ ይወጣል። ባለቤቴ ይህን ሰሌዳ ቢያይ ውሳኔው ትክክል መሆኑን የሚያስመሰክርበት ምስክር አገኘ ማለት ነው። አማቴም እያነበቡት ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ፤ እስክንጠራ ድረስ ቀና አላሉም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድልድዩን የሠራችላቸውም እሷው ነበረች። «እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሳቅዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው። አማቴ ወንበሩ ላይ ወጡ፣ የወረቀት መሐረብ አንገታቸው ላይ ታሰረላቸው፣ መብራቱ ተዘቀዘቀባቸው። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግን ጣታቸውን ወደ እኔ አነሱና ዙሪ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ከእኔም ፊት! እሺ ብዬ ዞርኩ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የትልቅ ጥርስ ሥዕል እያየሁ ከኋላዬ የብረት ኮሽታና የሐኪሟን «እህም... እህም...» እሰማለሁ። አንዴ ራጅ ተነሡ፤ ትንሽ ጠበቅን።

«ድልድዩ ምንም አልሆነም» አለች በመጨረሻ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ጠራችኝና የራጁን ሥዕል አሳየችኝ። «ሸክላ ስለሆነ አይበሰብስም። የበሰበሰው ተሸካሚው ነው። ይኸው፣ በግራ በኩል ያለው የራሳቸው ጥርስ፣ ሽፋኑ የሚያልቅበት፣ ከድዱ ጋ ያለው ጠርዝ ላይ ጥቁር ጥላ አለ። ገና ነው፤ አልጠለቀም።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «እናቴ፣ በምንድን ነው የሚያጸዷቸው?»

አማቴ መሐረቡን አስተካከሉ።

«እኔማ እጠብቃቸዋለሁ» አሉ።

«እኮ እንዴት?»

«አልነካቸውም።»

ነገሩ ሁሉ ቀስ እያለ ወጣ። አማቴ ከኋላ ያሉትን አሮጌ ጥርሶች ጠዋት ጠዋት ይቦርሻሉ፤ አዲሶቹ ጋ ሲደርሱ ብሩሹን አንሥተው ይዘሏቸዋል፤ ይቧጭራቸዋል ብለው። በሳምንት አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ በሚወለወልበት ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ ፊታቸውን ብቻ ይወለውሏቸዋል። እንዳያልቁ ብለው አያኝኩባቸውም። ከረሜላውንም እዚያ የሚያስቀምጡት ሆን ብለው ነው፤ «ከረሜላ ጥርስ አያደክምም፣ ራሱ ነው የሚሟሟው» አሉ፤ ሌላውን ምግብ ከልክለዋቸው አንድ ነገር እንኳ ይቅመሱ ብለው ያዘኑላቸው ይመስል ነበር። እኔ ቻልኩ፣ ቻልኩና አመለጠኝ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ከባዳም ባዳ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። አማቴ አላዩኝም። እጃቸው ብቻ ቀስ ብሎ ተነሥቶ አፋቸው ላይ አረፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምነው አልኩ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን አስጠግታ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ሲጠብቁ የኖሩት እኮ የማይበላሸውን ነው» አለቻቸው። «እኔ የሠራሁት ጥርስ እርስዎ ባይነኩትም ያው ነው፤ የሚበላው ከሥር ያለው የእግዜር ጥርስ ነው። ምግቡ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፣ ስኳሩን ተሕዋስያን ይበሉትና አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡራል። ከረሜላ በልተው በአንዴ ቢጨርሱ ጥርስ ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሲይዙት ግን አንዲት ደቂቃ አላሳረፉትም ማለት ነው።» አማቴ እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ ያዳምጣሉ። «አሁን ሁለት መንገድ ነው ያለን። አንደኛው ቦረቦሯን ጠርጌ እሞላታለሁ፤ ድልድዩ አይነሣም። ግን ድዱ እንዲህ እየደማ አልሞላውም፤ እርጥብ ላይ አይዝም። ዛሬ አጸዳዋለሁ፣ እቤት እርስዎ በደንብ ይይዙታል፣ በሁለት ሳምንት መድማቱን ካቆመ እሞላዋለሁ። ካላቆመ ግን ያ ምሰሶ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ሦስቱም ይሄዳሉ። ሁለተኛው...» ብላ ወደ እኔ አየች። ሁለተኛውን፣ መንቀሉን፣ ለማስደረግ እንደመጣን ካሸሯ ነግራታለች።

ኮሪደር ወጥቼ ለባለቤቴ ደወልኩ። የከረሜላውንና የጨርቁን ታሪክ ነገርኩት። «ታዲያ ግልጽ ነዋ» አለ፤ «ራሷ ናት ያበላሸችው። የባለቤቱ ጥፋት ከሆነ እኛ ጋ ፋይሉ ይዘጋል። አስነቅያት፤ ስብሰባ ልገባ ነው።» ዘጋው። ስልኬን እያየሁ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ የተናደድኩት በእሱ ብቻ አይደለም። አማቴ ላስቲክ ያላለበሱት ነገር ቢኖር ይህ ልጃቸው ነው፤ ፀሐዩንም ዝናቡንም አብረውት ችለው አሳድገውታል፤ እሱ ደግሞ ፋይል ይላል። በእኔም ተናደድኩ፤ የጭኔ ቆዳ ተላጠ እያልኩ ሳማርር የኖርኩት ሴትዮ ምን እንደሚፈሩ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስመለስ አማቴ በዓይናቸው ተቀበሉኝ። «ልጄ ምን አለ?»

«ይነቀል ነው የሚለው። እርስዎስ?»

ጥያቄው ራሱ ግር አላቸው። እኔን አዩ፣ ሐኪሟን አዩ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ አዩ። ሐኪሟ ብልህ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ መሣሪያዋን መደርደር ጀመረች።

«ወድጃቸው ነበር» አሉ አማቴ።

ነበር አሉ፤ ገና አፋቸው ውስጥ ላሉት። የሠርጉን ቀሚስ ለምን እንደለበሱ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሊሰናበቷቸው ነው የመጡት። «አይነቀልም!» አልኩ፤ ድምፄ ከክፍሉ በላይ ሆነና የመጠባበቂያው ክፍል ሰው ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። ሐኪሟ «ጎሽ» አለች ሳትዞር።

አጸዳችላቸው፤ ጥርስ የሚያጠነክር ፍሎራይድ ቀባችላቸው። ከዚያ የጥርስ ሞዴል አውጥታ እንዴት እንደሚቦረሽ አሳየቻቸው፤ ብሩሹን ወደ ድዱ አዘንብሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሸክላውን ሳይፈሩ። ድልድዩ ከድዱ ጋ በሚገናኝበት ሥር ደግሞ የሚያልፍ ቀጭን ብሩሽ አለ፤ ጡጦ ማጠቢያውን ነው የሚመስለው፣ እሱ አንሶ አንሶ የክብሪት እንጨት አክሎ። «ከመኝታ በፊት የግድ ነው» አለች፤ «ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ጠባቂ የለውም። የጥርስ ሳሙናውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ።»

«ሳሙናው አፌ ውስጥ ይደር?»

«ይደር እናቴ። ሥራ ላይ ነው።»

አማቴ ቀጭኑን ብሩሽ ሞዴሉ ላይ ሞከሩት። እጃቸው ደህና ነው፤ ዓይናቸው ግን ቀዳዳውን አያገኝላቸውም፤ ሁለቴ ሳቱት። «ማታ ማታ አንድ ሰው በመብራት ይይልዎት» አለች ሐኪሟ፤ «ከሥር የቀረ ነገር ካለ በዓይን ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።» አማቴ ብሩሹን አስቀመጡት። «የእኔን አፍ ማንም አያይም» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ ሁልጊዜ የታወቀ ነገር እንደሚነገር ነበር ያሉት። ሐኪሟ እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ጥርስ አየሁ። ካልታየ ምሰሶው እንደሚሄድ ሦስታችንም ገብቶናል።

ሱቄን ቀኑን ሙሉ ለልብስ ሰፊዋ ጥዬ መዋል ስለማልችል ከእኔ ጋር ወሰድኳቸው። የደንበኛ በርጩማዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። እዚያች ሱቅ ገብተው አያውቁም ነበር፤ ግድግዳውን ሙሉ የተሰቀለውን ከቨር ከላይ እስከ ታች አዩና «ይሄ ሁሉ ለስልክ ልብስ ነው?» አሉ። በአድናቆት ነው ያሉት፤ በሕይወታቸው አንድ ልባቸው የገባ ቦታ አገኙ። ወዲያው አንዲት የባንክ ሠራተኛ መጥታ አዲስ ከቨር መረጠች፤ የድሮውን ሳወልቀው እንደተለመደው ከሥሩ አሸዋ፣ ፀጉርና የከንፈር ቀለም የተቀላቀለበት ጭቃ ወጣ፤ የስልኩ ጠርዝ ቀለሙ ተበልቶ ነጥቷል። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ «አውልቄው አላውቅም እኮ!» እኔ አጋጣሚውን ላሳልፈው? «አዩ እማማ» አልኳቸው፤ «ከቨር ጥሩ ነው፤ እያወለቁ ካልጠረጉት ግን የሚበላው ከሥር ነው።»

«እኔ ስልክ ነኝ?» አሉኝ።

የባንኳ ሴትዮ ሳቀች። እኔ ስብከቴን ዋጥኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይተው ግን አንገታቸውን አስግገው፣ «አሁን ይሄ ስልክ ይጣላል?» ብለው ጠየቁ። ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ ይጠረጋል እንጂ፤ ገና ብዙ ይሠራል አልኳቸው። ጠርጌ እስክጨርስ ሲያዩ ቆዩና ቦርሳቸውን ከፍተው የከረሜላውን ከረጢት እንዳለ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡት። «ለደንበኞችሽ» አሉ።

«የሰው ጥርስ ይበላሽ እንዴ እማማ?»

«የራሳቸው ጉዳይ፤ ይቦርሹ።»

እቤት ስንደርስ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄዱ። የቡፌው ቁልፍ ቀበቷቸው ላይ ነው የሚውለው። ከፈቱና ከእንግዳው ብርጭቆዎች ኋላ እጃቸውን ሰደው አንድ የጥርስ ብሩሽ አወጡ፤ ክሊኒኩ ድልድዩን ሲሠራላቸው በስጦታ የሰጣቸውን፣ ከነማሸጊያው፣ ከነካርቶኑ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡፌውን ስጠርግ አቧራውን እያራገፍኩ ቦታው የመለስኩት ብሩሽ ነው። አንድም ቀን ይሄ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አላውቅም፤ እኔም የእንግዳ መስሎኝ ነበር! ይህን ስነግራቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፈገግ አሉና ብሩሹን ከነማሸጊያው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። አልቀደዱትም። ማሸጊያውን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ እዚያው አመሹ። እኔ ራት ሠራሁ፤ ጎትጉቼ ባበላሸውስ ብዬ ፈራሁ። እንዳልናገር ምላሴን ነክሼ ማምሸቴን የሚያውቀኝ ሰው አያምንም።

ባለቤቴ ሲመጣ ምግብ ቀርቦ ነበር። እጁን እየታጠበ «ተነቀለ?» አለኝ።

«አልተነቀለም።»

ፎጣውን ሰቅሎ ተቀመጠ። ሦስታችንም በላን። ማንኪያው፣ ውሃው፣ የጠረጴዛው ላስቲክ ነው የሚሰማው። ውሎውን ነገርኩት፤ ሁለት ሳምንት እንደተሰጠን፣ ማጽዳት እንዳለባቸው፣ ማታ ማታ የሚያይላቸው ሰው እንደሚያስፈልግ። እየበላ አዳመጠና ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ሆኖ፣ እናቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ «ሳምንት አትዘልቅም፤ አውቃታለሁ። ከዚያ መልሰን እዚያው ነን» አለ። ክፋት የለውም፤ ደክሞታል፤ ግን እንዲህ ነው ያለው። ልመልስለት አፌን ስከፍት አማቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ሶፋው ሄደው ብሩሹን አነሡ፣ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ማሸጊያው ሲቀደድ ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ውሃ ይፈሳል፣ ይቆማል፣ ይፈሳል። ባለቤቴ ማንኪያውን ይዞ ወደ በሩ ያያል። በጣም ቆዩ።

«ልጄ!» አሉ ከውስጥ።

«አቤት እማዬ» ብሎ ባለቤቴ ብድግ አለ።

«አንተን አይደለም። ምራቴን ነው።»

ገባሁ። አማቴ አምፖሉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የብሩሹን ማሸጊያ አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠውታል፤ እሱንስ አልጣሉትም። ቀጭኑ ብሩሽ እጃቸው ላይ ነው፤ አገጫቸው ላይ የሳሙና አረፋ ቀርቷል። የስልኬን መብራት አበራሁና በሩን ልዘጋ ዞር አልኩ፤ ባለቤቴ ተከትሎኝ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ጠዋት ካልሲውን የጎተተበት ቦታ ላይ ቆሟል። አማቴም አዩት። በሩን ስይዝ «ተዪው፣ ክፍት ይሁን» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ መብራቱ ዞሩና የላይኛውን ከንፈራቸውን በጣታቸው ያዙ።

«ለማን ልታሳየው ነው ብሎ አልነበር? ይኸው፣ ላንቺ ነው የማሳየው። እይልኝ፣ ከሥር የቀረ አለ?»

አፋቸውንም ከፈቱ።